በሃምሳ ዶላር ቅናሽ የማይረታ ገበያ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2025፣ ላስ ቬጋስ። በዓመታዊው የሲኢኤስ የቴክኖሎጂ ትርኢት ዋዜማ የቺፕ ሠሪው የኤኤምዲ ኃላፊዎች ተራ በተራ መድረክ ላይ እየወጡ ስለ አዳዲስ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ ስለ ዴስክቶፕ ቺፖችና በእጅ ስለሚያዙ የጌም መጫወቻዎች ያስረዳሉ። የጋዜጠኞቹ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ስለ አዲሱ የራዲዮን ግራፊክስ ካርድ ኩባንያው አስቀድሞ ፍንጭ ሰጥቷል፤ አርኤክስ 9070 እንደሚባልም ታውቋል። የቀረው ዋጋው ነበር። ዝግጅቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተጠናቀቀ፤ ካርዱ በመድረኩ ላይ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። የካርድ አምራቾቹ ግን በትርኢቱ ማሳያ ጠረጴዛዎች ላይ ያንኑ ካርድ ደርድረው ያስጎበኙ ነበር።

ምሽት ላይ የተፎካካሪው የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የቆዳ ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡና አራት ዋጋ ጠሩ። አርቲኤክስ 5090፣ 1,999 ዶላር። 5080፣ 999። 5070 ቲአይ፣ 749። 5070፣ 549። የመጨረሻውን ሲጠሩ፣ ይህ የ549 ዶላር ካርድ በ2022 በ1,599 ዶላር የወጣውን የ4090ን አቅም ይሰጣችኋል አሉ። ንግግራቸው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተፈብርከው በመሃል የሚሰገሰጉ ፍሬሞችን ጭምር የሚቆጥር ስለነበር፣ ካርዱን ኋላ የፈተኑት ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። የዚያን ምሽት ግን ቁጥሩ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ 549 የምትለዋ ዋጋ በአንድ ሌሊት ዓለምን አዳረሰች።

ኤኤምዲ የራሱን ዋጋ የተናገረው ከሰባት ሳምንታት በላይ ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 28 ነው። በዚህ መሃል ካርዶቹ በአንዳንድ ሱቆች መጋዘን ገብተው እንደተቆለፈባቸው የቴክኖሎጂ ጋዜጠኞች ጽፈዋል። 899 ዶላር ነው የሚል ወሬ ተነዝቶም የኩባንያው ኃላፊ ፍራንክ ኤዞር፣ እንዲህ ያለ መነሻ ዋጋ ታስቦም አያውቅም ብለው በአደባባይ ለማስተባበል ተገደዋል። በመጨረሻ የተጠራው ዋጋ ለ9070 ኤክስቲ 599፣ ለታናሹ ለ9070 ደግሞ 549 ሆነ፤ ታናሹ ከኤንቪዲያው 5070 ጋር አንድ ዶላር ሳይበላለጥ ማለት ነው። መርካቶ ውስጥ ጎረቤቱ ስንት እንዳለ ሳይሰማ ዋጋ የማይጠራ ነጋዴ ያጋጠመው ሰው ጨዋታው ወዲያው ይገባዋል።

በጌም ተጫዋቾች ዘንድ ዘወትር የሚባል ነገር አለ፦ ኤኤምዲ ዋጋውን ቢሰብረው ሰው ሁሉ ወደሱ ይጎርፋል። ታሪኩ ይህን በከፊል ብቻ ይደግፋል። በርካሽነቱ ያሸነፈ ካርድ አለ፤ እየረከሰም፣ እየፈጠነም የተሸነፈ አለ። እኔ እንደማየው ቅናሹ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ዋጋው መቼ ተጠራ? የተጠራው ዋጋ መደርደሪያ ላይ ደረሰ ወይ? ካርዱስ ገዢው ቤት ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ይሠራል ወይ?

ዋጋ ብቻውን ገበያውን የገለበጠበትን ጊዜ ለማየት ወደ 2008 መመለስ ያስፈልጋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኤኤምዲ የካናዳውን ኤቲአይን በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ከገዛ ሁለት ዓመት አልሞላውም። በ2007 የወጣው ኤችዲ 2900 ኤክስቲ ግዙፍ፣ የሚሞቅና የሚጮህ ካርድ ሆኖ፣ ያም ሆኖ የኤንቪዲያን ምርጥ ካርድ ሳይደርስበት ቀርቷል። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቹ መንገድ ቀየሩ። ትልቁን ቺፕ መሥራት ተዉ። ብዙው ተጫዋች ከኪሱ ሊያወጣ የሚችለውን ገንዘብ አስቀድመው ወሰኑና ቺፑን በዚያ ልክ ነደፉት።

በዚያ ዓመት ጁን አጋማሽ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 280ን በ649፣ ጂቲኤክስ 260ን በ399 ዶላር ይዞ ብቅ አለ። የሁለቱም ልብ የሆነው ቺፕ ስፋቱ 576 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፤ በማስመሪያ ቢለካ እያንዳንዱ ጎን 24 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የኤኤምዲው ቺፕ 256 ስኩዌር ሚሊሜትር ሲሆን ጎኑ 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጣት ላይ ቢቀመጡ ልዩነታቸው ኢምንት ይመስላል። ቺፖች የሚታተሙት ግን ዌፈር በሚባል ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ነው፤ ፋብሪካው የሚያስከፍለው ለሰሌዳው እንጂ ለእያንዳንዷ ቺፕ አይደለም። ትንሹ ቺፕ ከአንድ ሰሌዳ ከእጥፍ በላይ ይወጣል። በሰሌዳው ላይ አንዲት እንከን ብትገኝ የምታበላሸው ትንሽ ቁራሽ ነው፤ ትልቁ ቺፕ ላይ ያረፈች እንደሆነ ግን ብዙ ገንዘብ ይዛ ትሄዳለች።

ኤኤምዲ በጁን መጨረሻ ኤችዲ 4850ን በ199፣ ኤችዲ 4870ን በ299 ዶላር አወጣ። 4870 ያኔ አዲስ የነበረውን ጂዲዲአር 5 ሜሞሪ የያዘ የመጀመሪያው ካርድ ሲሆን፣ መቶ ዶላር ከሚበልጠው ከጂቲኤክስ 260 ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋ ነበር። ኤንቪዲያ በሳምንታት ውስጥ 280ን ወደ 499፣ 260ን ወደ 299 አወረደ። ቀድመው በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች ቁጣ ስለበዛ አንዳንድ የካርድ አምራቾች ልዩነቱን እስከ መመለስ ደረሱ። ኩባንያው በጁላይ መጀመሪያ የገቢ ትንበያውን ዝቅ ሲያደርግ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 30 በመቶ ገደማ ወደቀ። ለዚያ ውድቀት የተበላሹ የላፕቶፕ ቺፖችም ድርሻ ነበራቸው፤ የዋጋ ፉክክሩ ግን ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ያ ቅናሽ ለምን ሠራ? ዋጋው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው ዋጋ ስለነበር፣ ካርዱም በዚያ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ስለተገኘ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ተፎካካሪው መልስ ለመስጠት መድማት ነበረበት። 576 ስኩዌር ሚሊሜትር የሚያክለውን ቺፕ በ299 ዶላር ካርድ ላይ ለጥፎ መሸጥ ለኤንቪዲያ ከባድ ሲሆን፣ ለኤኤምዲ ያው 299 መጀመሪያ የታሰበበት ዋጋ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ የራዲዮን ወዳጆች ያቺን በጋ የሚያነሷት በናፍቆት ነው። ያን ዓይነት የዋጋ ምት ግን ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልታየም።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ኤኤምዲ ያንኑ ሊደግም ሞከረ። በ2016 በታይፔ ከተማ በተካሄደው የኮምፒዩቴክስ ትርኢት የግራፊክስ ክፍሉ መሪ ራጃ ኮዱሪ አርኤክስ 480ን ሲያስተዋውቁ 199 ዶላር የሚለውን ዋጋ አስቀደሙ። ሁለት 480 ካርዶች አንድ ላይ ተጣምረው፣ በድምሩ ከ500 ዶላር በታች፣ አሽስ ኦፍ ዘ ሲንጉላሪቲ በተባለ ጌም ያን ሰሞን የወጣውን የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ሲያልፉ አሳዩ። ካርዱ ጁን 29 ገበያ ገባ፤ ባለ 4 ጊጋባይቱ በ199፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ በ239። በሦስተኛው ሳምንት ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060ን በ249 ዶላር አወጣ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር ዶላር ነው። 480 ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ከተፈቀደው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል ተብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ስሙ ጠፋ፤ በድራይቨር ማሻሻያ ቶሎ ቢስተካከልም ወሬው ከማሻሻያው ቀድሞ ሄዷል።

ዋናው አደጋ የመጣው ግን በዓመቱ ነው። በ2017 የኢቴሪየም ዋጋ ሲተኮስ ክሪፕቶ የሚያመርቱ ሰዎች ካርድ በጅምላ መግዛት ጀመሩ። ኢቴሪየምን ለማምረት ወሳኙ የሜሞሪ ፍጥነት ስለነበር፣ ለዋጋቸው ፈጣን ሜሞሪ የነበራቸው ራዲዮኖቹ ተመራጭ ሆኑ። 480ን የተካውና በ229 ዶላር ይሸጣል የተባለው አርኤክስ 580 ከሱቅ ጠፋ፤ የተገኘ ዕለትም ዋጋው እጥፍ ሊጠጋ ነበር። የኤኤምዲ የሽያጭ መዝገብ በዚያ ወቅት ደህና ይመስላል። ካርዱ ተወዷል፤ የወደዱት ግን ተጫዋቾች አልነበሩም። ጂቲኤክስ 1060ም ቢወደድ እንደ 580 አልጠፋም፤ ጌም ሊጫወት ገንዘብ የቋጠረ ወጣት ያገኘውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህን የምናውቀው በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው። ስቲም የተባለውን የጌም መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ በየወሩ ፈቃደኛ ደንበኞችን በዕጣ እየመረጠ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ ይመዘግባል። ጉድለት የሌለው ቆጠራ አይደለም። በ2018 ቫልቭ ራሱ፣ የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተሮች አንዱ ማሽን በብዙ ደንበኞች ስም ደጋግሞ ሲቆጠር እንደነበር አምኖ አሠራሩን አርሟል። ያም ሆኖ አዝማሚያውን ለማየት ከዚህ የሚሻል የለም። በዚያ ዝርዝር ጂቲኤክስ 1060 ለዓመታት አናት ላይ ተቀምጧል፤ ገኖ በነበረበት ጊዜ ከ100 ተጫዋቾች ከ10 በላይ የሚሆኑት የያዙት እሱን ነው። አርኤክስ 580 ከ3 በመቶ አላለፈም።

ስለ ዋጋና ተወዳጅነት ብዙ ያስተማረኝ ግን ከዚህም ያነሰ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ካርድ ነው። በኤፕሪል 2019 ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650ን በ149 ዶላር አወጣ። በዚያው ሰሞን አርኤክስ 570 ከዚህ ባነሰ ዋጋ፣ አንዳንዴም ጌም በነፃ ተጨምሮበት ይሸጥ ነበር፤ በአብዛኞቹ ጌሞችም ይፈጥናል። የፈተኑት ባለሙያዎች በአንድ ድምፅ ማለት ይቻላል 1650ን አትግዙ አሉ። የሚረክሰውና የሚፈጥነው አንድ ካርድ ሆኖ ሳለ ክርክሩ እዚያው ማብቃት ነበረበት። በ2022 መጨረሻ 1060ን ከስቲም ዝርዝር አናት ያወረደው ካርድ ማን ሆነ? ጂቲኤክስ 1650።

ምክንያቱን መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳይ ነው በደንብ የገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ጎኑ የተከፈተ አሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ተጋድሟል፤ ውጭ አገር ቢሮ ሲያገለግል ኖሮ፣ ተሽጦ፣ በኮንቴይነር ከመጡት አንዱ ነው። አጠገቡ የቆመው ልጅ ባለ ሁለት ፋን ራዲዮን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል።

«ይገባል አይደል ወንድሜ?»

«መግባቱስ ይገባል። አይነሳልህም እንጂ።» ቴክኒሻኑ በስክሩድራይቨሩ ጫፍ ካርዱ ትከሻ ላይ ያለውን ስምንት ቀዳዳ ያለውን ሶኬት ነካ አደረገ። «ለዚህ የሚሆን ገመድ ፓወር ሰፕላዩ የለውም። ቢሮ ዕቃ ነው፤ ጌም አስበው አልሠሩትም።»

«ፓወር ሰፕላዩ ቢቀየርስ?»

«የዴል ሶኬት ሌላ ነው። እሱን ስትገዛ ርካሹ ካርድህ ተወደደ ማለት ነው።»

ታሪኩ ሁሉ እዚህ አለ። ጂቲኤክስ 1650 የሚፈልገው 75 ዋት ብቻ ሲሆን ይህ ማዘርቦርዱ በራሱ ማስገቢያ ሊሰጠው የሚችለው መጠን ነው። ብዙ ዓይነቶቹ ተጨማሪ ገመድ አይሹም፤ ትሰካለህ፣ ታበራለህ። አርኤክስ 570 እጥፍ፣ 150 ዋት ይፈልጋል። በሙከራ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ካርዶች አንድ ዓይነት ውድ ኮምፒውተር ላይ እየተፈራረቁ ስለሚሰኩ ይህ ወጪ ሠንጠረዡ ላይ አይታይም። አዲስ አበባም ሆነ ማኒላ፣ ያለውን ማሽን ለማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ግን ትክክለኛው ዋጋ የካርዱ ብቻ ሳይሆን የካርዱ፣ የፓወር ሰፕላዩና የድካሙ ድምር ነው። በዚያ ላይ 1650 በርካሽ ላፕቶፖችም ውስጥ በዚያው ስም ይገባ ነበር። ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የግራፊክስ ካርዱን ዋጋ ለይቶ አያየውም፤ የሚያየው የማሽኑን ዋጋ ነው፤ በላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ በኩል ደግሞ ኤኤምዲ ለረጅም ጊዜ ከነጭራሹ አልነበረም ማለት ይቀላል።

አገር ቤት ከመጣን ሌላም ነገር አለ። በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ 130ን ተሻግሯል። በ299 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 4060 ታክሱና የነጋዴው ትርፍ ሳይገባበት፣ በምንዛሪ ስሌት ብቻ ከ17 ሺህ ብር ወደ 39 ሺህ ብር ገደማ ዘለለ ማለት ነው። በሁለቱ ኩባንያዎች ካርዶች መካከል ሃምሳ ዶላር የሆነ ልዩነትም ከ2,850 ብር ወደ 6,500 ብር አደገ። በዚህ ሒሳብ ርካሹ ራዲዮን እዚህ የበለጠ መፈለግ ነበረበት። ግን ካርድ የሚመጣው ከዱባይ በሚያስመጣ ነጋዴ ወይም ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ነጋዴው ቶሎ የሚሸጥለትን ያመጣል፣ ዘመድም የተጻፈለትን ስም ይዞ ሱቅ ይገባል። ገዢውም ቢሆን ነገ ሲቸግረው መልሶ የሚሸጠው ዕቃ መሆኑን ያስባል። ቀን ሠርግ ኤዲት የሚያደርግበት፣ ማታ የሚጫወትበት ከሆነ ደግሞ የቪዲዮ ሶፍትዌሮቹ ከኤንቪዲያ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ሃምሳ ዶላሩ እዚህ ሁሉ ጋ ሲደርስ ይሟሟል።

ወደ ኩባንያዎቹ እንመለስ። ከ2016 ወዲህ ኤኤምዲ አንድ ልማድ አድርጓል፦ ኤንቪዲያ የጠራውን ዋጋ ማየት፣ ትንሽ መቀነስ፣ ካልተሸጠ ወር ቆይቶ ደግሞ መቀነስ። በ2019 አርኤክስ 5700 ኤክስቲን በ449 ዶላር አስተዋወቀ፤ ኤንቪዲያ ሱፐር የተባሉ የተሻሻሉ ካርዶችን ይዞ ሲመጣ፣ ገበያ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ዋጋውን ወደ 399 አወረደ። የኩባንያው ኃላፊ ስኮት ኸርክልማን ኋላ ላይ፣ የመጀመሪያው ዋጋ ኤንቪዲያን ለማታለል የተጣለ ማጥመጃ ነበር ብለዋል። ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ከልብ አያሳምነኝም፤ ማጥመጃ የሚጥል ድርጅት በየጊዜው በመጨረሻው ሰዓት ዋጋ ሲቀይር አይገኝም። በሜይ 2023 አርኤክስ 7600 በ299 ዶላር ነው ተብሎ ለፈታሾች ከተነገራቸው በኋላ፣ ግምገማው ሊወጣ ሲል 269 ሆነ። ሠንጠረዣቸውን የጨረሱ ሰዎች እንደገና ተቀምጠው ድምዳሜያቸውን ለመጻፍ ተገደዱ።

የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ይህን ያህል የሚከብደው ግምገማ የሚጻፈው አንዴ ስለሆነ ነው። ካርዱ በወጣ ዕለት በ899 ዶላር ተመዝኖ «ውድ ነው» የተባለ እንደሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ 700 ቢገባ ያንን የሚነግር ሁለተኛ ግምገማ የለም ማለት ይቻላል። ገዢው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ፍርድ ነው። የ2022ቱ አርኤክስ 7900 ኤክስቲ የደረሰበት ይኸው ነው፤ በ899 ወጥቶ ተወቀሰ፣ ቀስ እያለ ረከሰ፣ ወቀሳው ግን አብሮት ቀረ። ኤንቪዲያም ከዚህ አያመልጥም። በዚያው ዓመት 4080 የሚል ስም የሰጠውን ባለ 12 ጊጋባይት ካርድ በ899 ሊሸጥ አስቦ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ካርዱን ሰርዞ በጃንዋሪ 2023 4070 ቲአይ ብሎ በ799 መልሶ አመጣው። በ1,199 የወጣው ትልቁ 4080ም መደርደሪያ ላይ እየተቀመጠ አስቸግሮ፣ ተተኪው 4080 ሱፐር በ2024 መጀመሪያ በ999 ወጣ። የዋጋ ስህተት የሁለቱም ነው፤ ልዩነቱ ኤንቪዲያ ሲሳሳት ሰው ርካሹን የኤንቪዲያ ካርድ ይገዛል፣ ኤኤምዲ ሲሳሳትም እንዲሁ ርካሹን የኤንቪዲያ ካርድ ይገዛል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ግብዝነት አለ፤ ተጫዋቾችም ራሳቸው ያውቁታል። ብዙዎች ኤኤምዲ ዋጋ እንዲሰብር አጥብቀው የሚመኙት ራዲዮን ሊገዙ አይደለም። ኤንቪዲያ ደንግጦ የራሱን እንዲያረክስላቸው ነው።

አሁን ወደ 2025 ማርች እንምጣ። 9070 ኤክስቲ በ599 ዶላር፣ 150 ዶላር ከሚበልጠው ከ5070 ቲአይ ጋር በብዙ ጌሞች ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የኤኤምዲው ጃክ ሁይን በሴፕቴምበር 2024፣ ኩባንያቸው ከእንግዲህ የንጉሡን ወንበር ትቶ ብዛት ያለውን ተጫዋች እንደሚያሳድድ ተናግረው ስለነበር ይህ ቃላቸውን መጠበቃቸው መሰለ። ማርች 6 ማለዳ በአሜሪካ የማይክሮ ሴንተር ቅርንጫፎች በር ላይ ሰልፍ ተሰለፈ። ግምገማዎቹ ጥሩ ነበሩ። የመጀመሪያው ጭነት በአጭር ጊዜ አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጭነት ግን በብዙ ሱቆች 700 ዶላርና ከዚያም በላይ ተለጥፎበት ነበር።

እንዴት? ኩባንያው የሚጠራው ዋጋ ምክር ነው። ኤኤምዲና ኤንቪዲያ የሚሸጡት በዋናነት ቺፑን ነው። አሱስ፣ ሳፋየር ወይም ፓወርከለር ቺፑን ገዝቶ ሰሌዳ፣ ማቀዝቀዣና ፋን ይጨምርበታል፤ ከዚያ አከፋፋይ፣ ከዚያ ቸርቻሪ። እያንዳንዱ ትርፉን ይይዛል። የተጠራው ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ እንደሆነ ለነዚህ ሁሉ የሚበቃ ትርፍ አይተርፍም፤ ስለዚህ አምራቹ አንድ ሁለት ሞዴል በተጠራው ዋጋ ያቀርብና ሌላውን ባለ ቀለም መብራትና ባለ ሦስት ፋን አድርጎ መቶ ዶላር ይጨምርበታል። ቺፕ ሠሪው በመጀመሪያው ሳምንት ለቸርቻሪው ድጎማ ሰጥቶ የተጠራው ዋጋ መደርደሪያ ላይ እንዲታይ ማድረግም ይችላል። በ2025 አንዳንድ የአውሮፓ ቸርቻሪዎች፣ ዝቅተኛው ዋጋ ለመጀመሪያው ጭነት ብቻ ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። ኤኤምዲ አስተባበለ፤ በዚያ ዋጋ የሚሸጡ ካርዶች መምጣታቸው ይቀጥላል አለ። ወራት አልፈው፣ ፈላጊው ቀዝቀዝ ሲል፣ ካርዱ እውነትም ወደ 599 ተጠጋ። ያኔ ግን 5070ም በመነሻ ዋጋውና ከዚያም በታች ይገኝ ነበር።

ውጤቱን ጆን ፔዲ ሪሰርች የተባለው የገበያ አጥኚ ድርጅት በቁጥር አስቀምጦታል። በ2025 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ከተላኩት የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርዶች የኤንቪዲያ ድርሻ 94 በመቶ፣ የኤኤምዲ 6 በመቶ ነበር። 9070 በስቲም ዝርዝር ላይ ለወራት በስሙ አልታየም፤ 5070 ግን ቶሎ መውጣት ጀምሮ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ተጫዋቾች የጠየቁት ዓይነት ካርድ፣ በጠየቁት ዓይነት ዋጋ መጣ፤ ድርሻው አልተነሳም። አንዳንዶች ይህን አይተው ሰው ዋጋ አይገደውም ይላሉ። እኔ አልስማማም። 599 የሚለው ዋጋ መደርደሪያ ላይ ከተገኘበት ቀን ይልቅ 700 የሆነበት ቀን ይበልጣል፤ ሰው የከፈለው 700 ነው፣ በ700 ደግሞ 5070 ቲአይ ወደ ተጠራበት ዋጋ የሚቀረው ርቀት ሃምሳ ዶላር ገደማ ነው።

ለምን ብዙ ካርድ ሠርተው ዋጋውን አላስጠበቁትም የሚል ሰው የዌፈሩን ነገር ማስታወስ አለበት። ኤንቪዲያም ኤኤምዲም ቺፖቻቸውን የሚያሠሩት በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። አንዱን ሰሌዳ የጌም ቺፕ ልታትምበት ትችላለህ፤ ወይም ለዳታ ሴንተር በአሥር ሺዎች ዶላር የሚሸጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፕ። ኤንቪዲያ በጃንዋሪ 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከዳታ ሴንተር ያገኘው 115 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከጌም ያገኘው 11 ቢሊዮን ገደማ ነው። በ2008 ጌም የህልውናው ጉዳይ ስለነበር በሳምንታት ውስጥ 150 ዶላር ቀነሰ። ዛሬ እንዲህ የሚያስደነግጠው ነገር የለም። ኤኤምዲም ያንኑ የዳታ ሴንተር ገበያ እያሳደደ ስለሆነ የራሱን ሰሌዳ ለሃምሳ ዶላር ጦርነት ማፍሰስ አይጥመውም።

ለዚህ ነው በዲሴምበር 2024 ሦስተኛው ሰው ኢንቴል፣ አርክ ቢ580ን በ249 ዶላር ይዞ ሲመጣ ተጫዋቾች የተደሰቱት። 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ 4060 በ299 የሚሰጠው 8 ብቻ ነው። ካርዱ ወዲያው አለቀና ከተጠራው ዋጋ በላይ ይሸጥ ጀመር። ጥቂት ሳምንት ቆይቶም በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ በእጅጉ እንደሚወርድ ፈታሾች ደረሱበት። ርካሽ ካርድ የሚገዛው ደግሞ አሮጌ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ነው።

በሴፕቴምበር 18 ቀን 2025 ኤንቪዲያ በኢንቴል ውስጥ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያፈስ አስታወቀ። ከስምምነቱ አንዱ ክፍል የኢንቴል ፕሮሰሰርና የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ግራፊክስ በአንድነት የሚጣመሩበት የግል ኮምፒውተር ቺፕ መሥራት ነው። ኢንቴል የራሱን ግራፊክስ መሥራቱን እንደማያቆም ተናግሯል። በዚያ ሳምንት በ249 ዶላር መነሻ ዋጋ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ የሚሰጠው ያው ቢ580 ሲሆን፣ ኤንቪዲያ ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው ዋጋ ያወጣው አርቲኤክስ 5050 የያዘው 8 ነው።